ዳምጤ የፈለገው ፋይል

«እሱን አትንካው!» አለች ኮከብ።

ዳምጤ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። «ምን ነካሁ? ኮምፒውተርሽ ሲነሳ አብረውት የሚነሱትን ፕሮግራሞች ነው የማየው።»

«እየው፤ ግን ምንም እንዳትከፍት። የሰው ጉዳይ ነው ውስጡ ያለው።»

በርጩማ ስባ ትከሻው ሥር ተቀመጠች። ምን አስቦ ይሆን? ይህ ሰው እኮ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ እንደ እሷው ክስና ማመልከቻ እየጻፈ የሚያድር ነው። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ገበሬ ከአምቢኮ ይምጣ ከደረስጌ፣ ደባርቅ ሲደርስ ወይ እሷ ቤት ይገባል ወይ እሱ ቤት። እና ዛሬ ጠዋት ፍላሹን በጣቱ አንጠልጥሎ «ኮምፒውተርሽ ሲነሳ ይዘገያል አሉ፤ ላፋጥንልሽ?» ብሎ መጣ። በነጻ! ከመቼ ወዲህ ነው ዳምጤ ደግ የሆነው?

እምቢ እንዳትለው ደግሞ ኮምፒውተሩ በእርግጥም አንገፍግፏታል። መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ እንዳያቃጥልባት የምታበራው ደንበኛ ሲገባ ብቻ ነው፤ ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ ድንች ይበስላል። የዳምጤ አዲስ ነው፣ ገና ቁልፉን ሲነኩት ቦግ ይላል። ታዲያ ሰው የሚበዛው እሷ ቤት ነው። ለምን እንደሆነ በቅጡ አታውቅም። በየጊዜው ያጠራቀመቻቸው የክስና የማመልከቻ ናሙናዎች ስላሏት ይመስላታል። እነሱን ቢወስድባት ምን ይቀራታል? እንጀራዋ እነሱ ናቸው።

ከፍላሹ ያወጣው የመጀመሪያው ማፋጠኛ ሶፍትዌር ገና ሲጫን ስክሪኑን ቀይ በቀይ አደረገው። ኮምፒውተሩ በቫይረስ አልቋል፣ ካልከፈላችሁ አይድንም አለ።

«ይሄ ሌባ ነው» አለና ዳምጤ አጠፋው።

ሌባውንስ እናያለን፣ አለች በሆዷ።

ሁለተኛው ዝምተኛ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ሁሉ ደረደረላቸው። ዳምጤ አንድ በአንድ ስማቸውን እያነበበ፣ የማያስፈልገውን እያጠፋ ወረደ። አነባበቡ ግን አላማራትም። እንዲህ የሚያነበው የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ሰው ነው።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የፕሪንተሩ ነው።»

«ይሄኛው?»

«የአማርኛ መጻፊያው። አንተ ጋ የለም እንዴ?»

«ሌላስ የለሽም?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማለቴ... ራሱ የሚጽፍልሽ። አሁን እኮ ጉዳዩን ብቻ ሲነግሩት ክሱን አሳምሮ የሚጽፍ መጥቷል ይባላል።»

ደሟ ፈላ። «አሃ! ይሄን ፍለጋ ነው የመጣኸው? እኔም ደግነትህ አላምር ብሎኝ ነበር!»

ዳምጤ አፈረ። «ታዲያ ምን ላድርግ? የኔን ደጅ እያለፉ ነው አንቺ ጋ የሚገቡት። እኔም ልጆች አሉኝ እኮ፣ ኮከብ። ምን እንዳለሽ ልወቅ ብዬ ነው።»

«ምንም የለኝም። ጨርስና ውጣልኝ!»

ሪስታርት አደረገው። ስክሪኑ ሲጠቁር ኮከብ «ጉድ ሠራኝ» ብላ ከበርጩማዋ ተነሳች። ወዲያው ግን ቦግ አለ። ፋይሎቿም አንድ አልጎደሉም። ወይ ጉድ! እንደተናደደች ደስ አላት።

ገና አመሰግናለሁ ሳትለው አንዲት እድሜያቸው የገፋ ሴት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገቡ። ደብሪቱ እባላለሁ፣ ከአምቢኮ ነው የመጣሁት አሉ። «ወንድሜን ልከስ ነው ልጄ። ድንበር ገፋብኝ።»

ኮከብ ዳምጤን ከወንበሯ አስነስታ ወደ በርጩማው ሰደደችው፤ ሴትየዋን አግዳሚው ላይ አስቀምጣም ናሙናውን ከፈተች። የከሳሽን ስም ሞላች።

«የወንድምዎስ ስም?»

«ሰጠኝ ይባላል» አሉ፤ ድምፃቸው ሰለለ።

የቀረው ናሙናው ላይ ያለ ነው፤ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ተፋው።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ እማማ።»

«እንዲህ ቶሎ?»

ወረቀቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። አልተነሱም። ኮከብ ግራ ገባት። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ጊዜ ገና ኮምፒውተሩን አብርታ «ትንሽ ይቆያል፣ እስከዚያ ይጫወቱ» ትል ነበር። ሰውም ይጫወታል። ስለ ዝናቡ ይጀምርና ኮምፒውተሩ እስኪነሳ የሆዱን ያወጣል። ስንቱ ነው ሊከስ ገብቶ ለሽማግሌ የሚላክ ደብዳቤ አስጽፎ የወጣ!

ለካስ! ዳምጤ ያን ሁሉ ሲፈልግ የነበረው ይሄን፣ ሰውን እሷ ቤት የሚያመጣውን ጨዋታ ነው። እሱም አጠገቧ ተቀምጧል፤ ፍላሹን እንኳ ገና አልነቀለም። አሁን አፏን ከከፈተች በገዛ እጇ ልታስረክበው ነው። «ደህና ይግቡ» ብላ ብትሸኛቸውስ? ክሱ እንደሆነ ተጽፏል።

ደብሪቱ ወረቀቱን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ።

ኮከብ ስክሪኑን አጠፋችው። «ይቅርታ እማማ፣ የሚስተካከል ነገር አለ፤ ትንሽ ይቆያል። እስከዚያ ይጫወቱ።»

«ምኑን እጫወታለሁ ልጄ...» ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። «ሰጠኝን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። እናታችን ካለፈች ወዲህ ደጄን አይረግጥም። ምን እንዳስቀየምሁት አላውቅም። ድንበሩን ሲገፋብኝ ሰው አዘነልኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ፍርድ ቤት ሲጠራው መቅረት አይችልማ። ቆሞ አየዋለሁ ብዬ ነው።»

ኮከብ እንባዋ መጣ። ልትጠርገው ዞር አለች።

«ሲያዩትስ ምን ሊሉት አስበዋል፣ እማማ?»

ዳምጤ ነው። ቀስ ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ ነው የጠየቀው፤ በርጩማውንም ወደ ሴትየዋ አስጠግቷል። ኮከብ ዝም በል ልትለው አስባ ነበር። ደብሪቱ ግን ፊታቸውን ከእሷ ወደ እሱ አዙረው መመለስ ጀምረዋል።