በነጻ የሚያስጎበኙት ሽማግሌ

ኤሚል ክላይን ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እሱን አታሎ የተሳፈረ አንድም ሰው የለም፤ ይህን የሚለው ግን እሱ ራሱ ነው። ባለፈው ጸደይ አንድ አዟሪ ደጁ ድረስ መጥቶ «የማይዝግ» እያለ የሸጠለት ድስት በሳምንቱ ዝጎ ቁጭ አለ። ሚስቱ ሂልዳ ድስቱን አልጣለችውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወጣች ታሳያለች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ አንድ ቀን ፋብሪክ በሚባለው የከተማው ሰፈር ውስጥ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። «የአይሁድን ሰፈር በእግር እንጎብኝ። ዘወትር ሐሙስ። በነጻ።»

«በነጻ!» አላት ሂልዳን። «ቲሚሾአራ ውስጥ በነጻ የሚገኝ ጉንፋን ብቻ ነው። ይህን ሰውዬ እጅ ከፍንጅ ካልያዝኩት እኔ ኤሚል አይደለሁም።»

«ድስቱን ይዘህለት ሂድ» አለች ሂልዳ። «ምናልባት ይገዛህ ይሆናል።»

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤጋ ወንዝ ድልድይ ጋ ደረሰ። አስጎብኚው አርሚን ላዛር የሚባሉ፣ ካፖርታቸው ከእሳቸው የሚሰፋ ሽማግሌ ናቸው። ከአራድ ከተማ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና ሁለት ጀርመናውያን ወይዛዝርት ቀድመውት ደርሰዋል። ሽማግሌው ወይዛዝርቱን ጨብጠው አለፉ። ወንዶቹን ግን አንድ በአንድ ስም ጠየቁ።

«የእርስዎስ ስም?»

«ክላይን። ኤሚል ክላይን።»

«ክላይን!» የሽማግሌው ዓይን በራ። «የእናትዎስ?»

ነገሩስ ወዲህ ነው፣ አለ ኤሚል በልቡ። የሚስጥር ቁጥር የጠፋበትን ሰው ባንክ ምን ብሎ ይጠይቀዋል? የእናትህ ስም ማነው ይለዋል። ለአጭበርባሪ የእናቱን ስም የሚሰጥ ሞኝ ሌላ ድስት ቢሸጡለትም ሲያንሰው ነው። ከሽማግሌው ትከሻ በላይ፣ ከድልድዩ አጠገብ ያለ ግድግዳ ላይ፣ የሙታን ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ነበር። ከላይ ያለውን አነበበ።

«ርብቃ» አለ።

«ርብቃ» ብለው ደገሙት ሽማግሌው፤ እጁንም በሁለት እጃቸው ይዘው ቶሎ አልለቀቁትም።

ጉብኝቱ ጉብኝት ከተባለ፣ እንዲህ ነበር። «ይህ የዱቄት ነጋዴው ቤት ነው። ያ የባርኔጣ ሰፊው። አሁን ፋርማሲ ሆኗል። ቶሎ በሉ!» ከወይዛዝርቱ አንዷ ፎቶ ላንሳ ብትል «ቤቱ የትም አይሄድም፤ ፀሐይቱ ግን ትሄዳለች» አሏት። በየማዕዘኑ ቆመው አንድ ጥቅስ በአባቶቻቸው ቋንቋ ያነበንባሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቃላት የአንድ እጃቸውን ጣቶች ያጥፉና፣ ከዚያ በየቃሉ ራሳቸውንና ወንዶቹን አንድ በአንድ በጣት ይጠቁማሉ። ወደ ሴቶቹ አንድም ጊዜ አልጠቆሙም።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለ ኤሚል።

«ማንም እንዳይጠፋብኝ ነው።»

«ታዲያ አንድ፣ ሁለት አይሉም?»

«ሰው እንደ ድንች አይቆጠርም፣ አቶ ክላይን።»

ኤሚል ይህንንም በልቡ መዘገበ። ወይዛዝርቱ እግራችን ዛለ ብለው ሲሰናበቱ ሽማግሌው በደስታ ሸኟቸው። ከወንድማማቾቹ ታናሹ ግን ኬክ ልግዛና ልምጣ ቢል ክው ብለው እጅጌውን ያዙት።

«ኋላ! ኋላ እኔው እገዛልሃለሁ፣ ልጄ! ሁለት!»

ቦርሳቸው የተነፋ ጀርመኖችን አሰናብቶ ጡረተኛ ላይ የሙጥኝ የሚል ሌባ! የፈለገው ገንዘብ አይደለም ማለት ነው፤ ቤት ነው። ዛሬ የእናት ስም ይወስዳል፣ ነገ ፊርማ፣ ከነገ ወዲያ ኤሚልና ሂልዳ ከነድስታቸው ጎዳና ላይ ናቸው። ኤሚል በአንድ በኩል ፈራ፣ በሌላ በኩል ደግሞ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል አንድ ግቢ አስገቧቸውና የብረቱን በር ከኋላቸው ቆለፉት። ስልክ ዝጉ አሉ። ለየአንዳንዱ ወንድ ትንሽ ቆብ አደሉ። ኤሚል ግን ስልኩን አልዘጋም፤ የፖሊስ ቁጥር ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ ገባ።

ክፍሉ ውስጥ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋቸው ሁሉም ብድግ አሉ።

«አገኘህ?» አሉ አንዱ።

«አገኘሁ» አሉ አቶ ላዛር።

«በቃ!» ብሎ ጮኸ ኤሚል። «ሠላሳ አራት ዓመት ተቆጣጣሪ ነበርኩ! ከእኔ የምታገኙት ፊርማ የለም!»

«የምን ፊርማ፣ ወንድሜ?» አቶ ላዛር ግራ ተጋብተው አዩት። «ሚስቴ ሳሮልታ ከሞተች ዛሬ ዓመቷ ነው። የሙታን ጸሎት ከአይሁድ እናት የተወለዱ አሥር ወንዶች ካልቆሙ አይባልም። እኛ የቀረነው ስድስት ነን። ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ከመንገድ ሰው ስለቅም፣ አንድ ቀን ስምንት፣ ሌላ ቀን ዘጠኝ ስንሆን፣ አንድም ቀን ሳይባልላት ቀረ። እንደዚያ አታልዬ ስላመጣኋችሁ ይቅር በሉኝ።»

ከዚያም ያንኑ ባለ አሥር ቃል ጥቅሳቸውን ጀመሩ። ጣታቸው ከሰው ወደ ሰው ሄዶ፣ የመጨረሻው ቃል ኤሚል ላይ ወደቀ። ሽማግሌው በሰው ፊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ኤሚል ጆሮው ድረስ በእፍረት ጋለ። አፉን ከፈተ፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አፉን ዘጋ። አንዱ ሽማግሌ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ የጸሎት መጽሐፍ ሰጡት፤ ኤሚል ከግራ ገለጠው፤ እሳቸውም አዙረው ከቀኝ ገለጡለት።

አቶ ላዛር የሚስታቸውን ስም ጠርተው ጸሎቱን ጀመሩ።

በካቶሊኩ ካቴድራል አርባ ዓመት የዘመረችው የካታሪና ልጅ ኤሚል፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ «አሜን» አለ።