የፊደል እግር

"አልቀመጥም" ይላል አባዬ ገና ከበሩ። ቤት የረሳሁትን ቻርጀር ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና "እናትሽ ናት የላከችኝ" ብሎ ይጨምራል፣ በራሱ ፈቃድ የመጣ እንዳይመስልበት።

ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ ስም በብሩሽ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። እኔ ያንኑ ሥራ በኮምፒውተር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ፣ እሱም ካኮረፈኝ ሁለት ዓመቱ። ኩርፊያ ያውቅበታል። ቢሮዬን ሲረግጥ ዛሬ የመጀመሪያው ስለሆነ ደስ ብሎኛል፤ ግን የምደሰትበት ጊዜ የለኝም። ባለሳሎኗ መንገድ ላይ ናት። የጸጉር ቤቷን ሎጎ ሦስት ጊዜ መልሳብኛለች፤ ዛሬም ካልጣማት ሌላ ሰው ጋ እንደምትሄድ ቁርጡን ነግራኛለች።

ስክሪኑ ላይ "አበባ" የሚለው ስም በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ከሥሩ ነጸብራቁ አለ፤ መስታወት ላይ የቆመ ይመስል ተገልብጦ ወደ ታች እየደበዘዘ ይሄዳል። ቀለሙን ስንት ጊዜ ቀያየርኩት። እሷ ግን "የሆነ ነገር ይጎድለዋል" ከማለት በቀር ምን እንደሆነ አትነግረኝም።

አባዬ ለመውጣት ከዞረ በኋላ ስክሪኑን ያያል። መነጽሩን ከኪሱ ያወጣል።

"እነዚህን ፊደሎች ማነው የሰቀላቸው?"

"እንዴት ማለት?"

"መስታወት አለሽ?"

የእጅ መስታወቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያጋድመውና ሁለት ጣቶቹን እንደ እግር ያቆምበታል። ጥፍሩ ሥር ዛሬም ሰማያዊ ቀለም አለ። መስታወቱ ውስጥ ያሉት ጣቶች ከላይኞቹ ጋር ጫፍ ለጫፍ ይነካካሉ።

"ይቺ በ ናት።" አንድ ጣቱን ያነሳል። "ይቺ ደግሞ ባ። አሁን ያንቺን እያት። ባ በረዥም እግሯ መስታወቱን ረግጣለች፤ አ እና በ ግን አየር ላይ ቀርተዋል።"

ሳቄ ያመልጠኛል። ቃሉን እንዳለ ነበር የገለበጥኩት፤ የባ እግር ወደ ታች ስለሚወርድ ሌሎቹን ከነጸብራቃቸው አለያይቷቸዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍጥጬበት አላየሁትም። ፊደሎቹን ነጣጥዬ አንድ በአንድ እገለብጣለሁ፤ እያንዳንዱን ከገዛ እግሩ ጋር አገጣጥማለሁ። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ "ትንሽ ከፍ… እ፣ በቃ፣ እዚያው ላይ" ይላል።

ባለሳሎኗ ትገባለች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ስክሪኑ ላይ ታፈጣለች። ሳይታወቃት እጇን ሰዳ ጸጉሯን ታስተካክላለች።

"ይሄ ነው" ትላለች። "ምን አድርገሽው ነው?"

"አባቴን ጠይቂው።"

"እኔ ምን አውቅና" ይላል አባዬ። "ልጄ ናት የሠራችው። እኔ ቻርጀር ላደርስ ነው የመጣሁት።"

ልጄ ናት የሠራችው። ደስታው እንባዬን ሊያመጣው ይደርሳል።

ሴትየዋ በስልኳ ፎቶ አንስታ እየሳቀች ትወጣለች። አባዬም የሚከተላት መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ቻርጀሩን እሰካለሁ። ቀና ስል ኮፍያውን አውልቆ መስታወቴ አጠገብ አስቀምጦታል፤ የደንበኞቼን ወንበር ወደ ስክሪኑ እየጎተተ ነው።

"እሺ" ይላል እየተቀመጠ፣ "ሌላውን አምጪው እስኪ።"