የዝምታው አድናቂ

በቴሌግራም የሚገናኙ የፊልም ወዳጆች ወሩን ሙሉ በየቀኑ አንድ አስፈሪ ፊልም አይተው አስተያየት ሊጽፉ ሲስማሙ፣ ሰውየው ፈሪነቱን እያወቀ ቀድሞ «አለሁበት!» አለ። አንድ ቀን ተራው የደረሰው በአሮጌ ግንብ ውስጥ፣ በሬሳ ሣጥን ስለምትተኛ እመቤት የተሠራ ጥንታዊ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር።

በጠራራ ፀሐይ፣ መጋረጃውን ገልጦ፣ በሩንም በርግዶ ተቀመጠ። የግንቡ በር ሲጢጥ ሲል ግን ነፍሱ አልቻለችም፤ ድምፁን ጨርሶ አጠፋው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ጣመው። የሻማው ጥላ፣ ጠመዝማዛው ደረጃ፣ እንደ ጉም የሚንሳፈፈው የእመቤቲቱ ቀሚስ ልቡን ወሰዱት። ድምፁን ማጥፋቱንም ረስቶ፣ በተመስጦ ጽፎ ላከ፦ «የዚህ ፊልም ታላቅነት ዝምታው ነው። አንዲት ጩኸት ሳያሰማ አንቀጠቀጠን!»

ከኋላው ሆና ፊልሙን ስታይ የቆየችው ሚስቱ ትርሲት በትከሻው በኩል አንብባ ሳቋን ለቀቀችው።

«የምን ዝምታ? ድምፁን ያጠፋኸው አንተ! ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ስትጮህ አይደል እንዴ የዋለችው?»

ላብ አጠመቀው። ጽሑፉን ሊያጠፋ ስልኩን ሲያነሳ ግን መልሱ መጉረፍ ጀምሯል።

«ልክ ብለሃል፤ እኔንም የገደለኝ ዝምታው ነው» አለች አንዷ።

«እንዲህ ያለ ጸጥታ በየትኛውም ፊልም አላጋጠመኝም» አለ ሌላው።

በመጨረሻ የወሩን አስፈሪ ፊልም ሐሳብ ያመጣው፣ የቡድኑ አባላት ብዕሩን የሚፈሩት ሃያሲ መንግሥተአብ ጻፈ፦

«ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ። ያን ዝምታ የሰማሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»