የዋና መነጽር ለስድስት ዓመት ልጅ

«የስንት ዓመት ልጅ ነው?» አለ ሻጩ።

«ስድስት።»

የዋና መነጽሮቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረላት። ቀለማቸውን አላየችም። አንድ በአንድ እያነሳች ዓይኖቿ ላይ ታደርግና ዙሪያውን በጣቶቿ ትጫነዋለች።

«ሰማያዊውን ውሰጂለት እህቴ። ልጆች የሚወዱት እሱን ነው።»

«ጠብታ ውኃ አያስገባም?»

«ጠልቆ ቢዋኝም አያስገባም።»

«ከላይ በኃይል ቢወርድበትስ?»

ሻጩ ሳቀ። «ምን ዓይነት ገንዳ ነው እሱ? ፏፏቴ ልትወስጂው ነው እንዴ?»

«ጠበል ነው» አለች። «ዓይኑን ኦፕራሲዮን ከሆነ ገና ስምንት ቀኑ ነው። ሐኪሙ ለአንድ ወር ውኃ እንዳይነካው ብሏል። አያቱ ደግሞ ተስለው ነበር፤ ነገ ጠዋት ይወስዱታል። አባቱን ብለምነው ‹እናቴን እምቢ አልልም› አለኝ።»

ሻጩ ሳቁን ዋጠ። ሰማያዊውን መለሰና ጎማው ወፈር ያለ ጥቁር መነጽር ከመሳቢያ አወጣ። ማሰሪያውን ራሱ አጠበቀላት። ሊሰጣት እጁን ከዘረጋ በኋላ ግን መነጽሩን አልለቀቀውም።

«እህቴ፣ አጥማቂው ‹አውልቅ› ቢለውስ?»

«የማይወልቅ የለህም?» አለች።