መሪው ይክበድልኝ

የመጋዘኑ ዘበኛ ሌሊት ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ፊቱን ሳይታጠብ ግቢ ይወጣና የአሮጌ ፒካፑን ኮፈን ይዳብሳል። አመል ነው።

ያን ቀን ኮፈኑ ትኩስ ነበር።

በሩን ከፈተ። ወንበሩ ወደ መሪው ተጠግቷል። ወደ ኋላ ገፍቶ መለሰውና እየተብከነከነ ቤት ገባ።

ሚስቱ የማር ጠርሙስ አቀበለችው። ከተጋቡ ጀምሮ ክዳን የሚከፍትላት እሱ ነው። ፎጣ ጠምጥሞ፣ ጥርሱን ነክሶ ከፈተላት።

«ልጅሽ መኪናዬን እየነዳ ነው» አላት።

«ልጄ አልነካውም።»

«በምን አወቅሽ?»

«እናት ታውቃለች» ብላ ዳቦ ቆረሰችለት።

ልጃቸው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ ቀጭኔ ይለዋል። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ክንዱ ደግሞ የመጥረጊያ እንጨት ነው የሚያክለው። ምሳውን የሚበላው ቤት እየመጣ ነው፣ ያውም አባቱ በሚያንኮራፋበት ሰዓት። ዘበኛው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ቁልፉን ትራሱ ሥር ሸጎጠ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ፒካፑ በማንኪያ እጀታም ይነሳል።

ኮፈኑ በሳምንቱም ትኩስ ነበር።

ጎረቤት ያሉት ኩላሊታቸውን የታመሙ አሮጊት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ቤታችሁን ይባርከው!» አሉት። ዱሮ ሐኪም ቤት ለመሄድ መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ ፀሐይ ይፈጃቸው ነበር፤ ሰሞኑን ግን እዚያ ቆመው አይታዩም። ምን እንዳደረገላቸው ባያውቅም «አሜን» ብሎ አለፈ።

ከዚያ ፒካፑን ጋራዥ ወሰደው። ሚስቱም «ልይ» ብላ ተከትላው መጥታ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«የመሪውን ፓወር አውልቅልኝ» አለው መካኒኩን።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየው። «ጋሼ፣ ሰው እኮ የሚመጣው ፓወር ግጠምልኝ እያለ ነው።»

«መሪው ይክበድልኝ! ያ ቀጭኔ ሲያዞረው ትከሻው ይውለቅ።»

መካኒኩ ከት ብሎ ሳቀ። ፓምፑን ከነቺንጋው አወለቀ፣ ቱቦዎቹን ነቀለ፣ ከወዳደቀ መኪና የወጣ የጥንት የመሪ ሳጥን ገጠመለት። ዘበኛው ገብቶ ሞከረው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። በጣም ደስ አለው።

«ልጄ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚከብደው?» ስትል መካኒኩን ጠየቀች ሚስቱ።

«መኪናው ቆሞ ሲያዞሩት ነው እትዬ። ትንሽ እየተንከባለለ ከሆነ ይለዝባል።»

«አንቺን ደግሞ ምን አገባሽ?» አላት ባሏ።

«ለማወቅ ያህል ነው።»

ለጥቂት ቀናት ኮፈኑ ቀዘቀዘ። ዘበኛው እያፏጨ በላ። ሚስቱ ግን ትከሻዋን ይዛ ከረመች፤ ቤቱ ቅባት ቅባት ሸተተ። ልብስ ማጠብ ነው፣ ሲል አሰበና አዘነላት።

ከዚያ ኮፈኑ እንደገና ሞቀ።

«ይደክመዋል፣ ይተወዋል» እያለ ወራት ታገሠ። አንድ ቀን ግን የፒካፑ በር ላይ ጭረት አየ። ትዕግሥቱ እዚያ ላይ አለቀ።

«ልብስህን ሰብስብና ውጣልኝ!» አለው ልጁን አመሻሽ ላይ።

«አባዬ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ እኔ መንዳትም አልችል!»

«በዚህ ክንድህ እንዴት እንዳዞርከው ብቻ ንገረኝ።»

ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። እናቱ ራት አቀረበች። ባሏ ንዴቱን የሚያበርድበት ነገር ፈልጎ አዲሱን የማር ጠርሙስ አነሳ። ክዳኑን ታገለው። ፎጣ ጠመጠመ። ጉልበቱ መሀል አጣብቆ አቃሰተ። ክዳኑ ወይ ፍንክች።

«ቦርሳህን መልስ፣ ልጄ» አለች እናትየው።

ከዚያም ጠርሙሱን ከባሏ እጅ ወሰደችና፣ ፎጣም ሳትፈልግ፣ በአንድ ዙር ከፈተችው።