የእትዬ ድንቅነሽ ቅቤ

«ቃጫውን ልፈታው ነው» አልኳቸው።

እትዬ ድንቅነሽ ሦስተኛውን ጥቅል ከቅርጫቱ እያወጡ ነበር። እጃቸው እዚያው ቆመ። «የቱን ቃጫ?»

«የቅቤውን። ዛሬ ልየው ብዬ ነው።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከቱሉ ቦሎ ቅቤ ሲያመጡልኝ አንድም ቀን ጥቅል ፈትቼባቸው አላውቅም። በኮባ እንደተጠቀለለ፣ በቃጫ እንደታሰረ መዝኜ እረከባለሁ፤ የሚፈታው ገዢ ሲመጣ ነው። ቀራንዮ ውስጥ ቅቤ የምንሸጥ ሁሉ ከቆየ ደንበኛ የምንቀበለው እንዲህ ነው። ዓይኑ እያየ ጥቅሉን መፍታት ሌባ ነህ ከማለት አይተናነስም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ግን ምን ላድርግ? ማክሰኞ ዕለት ከእኔ ሦስት በር ዝቅ ብሎ ያለው የሰልዋ ሱቅ ታሸገ። ቅቤዋ ውስጥ ሙዝና የአትክልት ቅባት ተገኘ ተባለ። ሰልዋ እንደ እኔው በቅጠሉ የተረከበች ናት፤ ማን እንዳመጣላት እንኳ ሳትጠየቅ በሯ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ይህቺ አንድ በር ሱቅ ከተዘጋችብኝ ሦስት ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ? ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ያየሁት ሰው ሁሉ ጓዳው ገብቶ ሙዝ የሚያቦካ እየመሰለኝ ነው።

እትዬ ድንቅነሽም ዛሬ ደስ አላሉኝም። ሌላ ጊዜ ገና ከበር «አልፊያ፣ ልጆቹ ደህና?» ብለው፣ የመንገዱን አቧራ ረግመው፣ አረፍ ይላሉ። ዛሬ ሰላምታውንም አሳጠሩት። ቅጠሉ አዲስ፣ ቃጫው አዲስ። ምነው ቸኮሉ ስላቸው «መኪናው እንዳያመልጠኝ» አሉ። ስምንት ዓመት ያላመለጠ መኪና!

«ፍቺው» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈታሁት። ነጣ ያለ መሰለኝ። በጥፍሬ ቆርሼ አሸተትኩት፣ መዳፌ ላይ አሸሁት፤ ምኑም ምኑም ሙዝ ሙዝ አለኝ። አፍንጫዬን ማመን ስላቃተኝ አንድ ማንኪያ ያህል ድስት ውስጥ ጨምሬ ስቶቩ ላይ ጣድኩት። ባዕድ ነገር ያለው ቅቤ ሲቀልጥ ባዕዱ ከስሩ ይዘቅጣል። ሁለታችንም ድስቱ ላይ አጎነበስን። ውጪ የታክሲ ረዳት «አስራ ስምንት! አስራ ስምንት ማዞሪያ!» እያለ ይጮሃል።

ቀለጠ። ከላዩ ከተንሳፈፈችው ትንሽ የአሬራ አረፋ በቀር ምንም የለውም፤ የድስቱ ጭረት እንኳ ወለል ብሎ ይታያል። አፈርኩ።

«ይቅርታ እትዬ። ወላሂ እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም፣ የሰልዋ ነገር አስደንግጦኝ ነው።»

«ጠርጥረሽኛል እንጂ። ከመኪና ስወርድ በሯን አይቻለሁ፤ እንደምትፈቺው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሱቅሽ ነው፣ ማየት አለብሽ።» ስቶቩን ራሳቸው አጠፉት። ከዚያ መደርደሪያዬን ቃኘት አደረጉ። «መተያየት ከጀመርን ዘንዳ፣ እስቲ ያን ጨው አቀብዪኝ።»

የታሸገ የአንድ ኪሎ ጨው ነው። ለምን እንደፈለጉት የገባኝ እጃቸው ቅቤያቸውን ወደምመዝንበት ሚዛን ሲሄድ ነው።

«እትዬ፣ እሱ እኮ...» አልኩ። ሚዛኑ አጉድሎ እንደሚመዝን ከገዛሁት ጀምሮ አውቃለሁ። የኮባውን ክብደት ያካክሳል እያልኩ ራሴን አታልላለሁ፤ ለኮባው ግን ሁልጊዜም ለብቻው እቀንሳለሁ።

መርፌው ተንቀጠቀጠና አንድ ኪሎ ሊሞላ ሁለት መስመር ሲቀረው ቆመ። እትዬ ድንቅነሽ አልደነገጡም። ጠጋ ብለው እንኳ አላዩትም።

«ያውቁ ነበር?»

«እኔም ቤት ሚዛን አለ፣ ልጄ። ሳልመዝን አልወጣም።» ቃጫውን ከመሬት አንስተው የፈታሁትን ጥቅል መልሰው ማሰር ጀመሩ። «መጀመሪያ ተናድጄ ልተውሽ ነበር። ሌላ ቦታ ስሞክር ቅቤዬን እየፈቱ፣ በሹካ እየወጉ፣ ሰው ፊት ያቆሙኛል። አንቺ አንድ ቀን ፈትተሽብኝ አታውቂም። ሚዛኑ ተበላሽቶባት ነው፣ ማሠሪያ ገንዘብ አጥታ ነው፣ እሷ ግን ታምነኛለች አልኩና ተውኩት።»

ጥቅሉን ወደ ቅርጫቱ መለሱት። ቀጥለው ሁለተኛውን አነሱ። እንዲህ ያለ ቅቤ፣ በዚህ ሰሞን፣ ከየት አገኛለሁ? እሳቸውንስ ከየት አገኛለሁ?

«እትዬ፣ አፈር ስሆን፣ ይመልሱት! ዛሬ በትክክለኛው እመዝንልዎታለሁ!» አልኩና ለገዢዎች የምመዝንበትን ሚዛን ከባንኮኒው ስር ጎትቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ካስቀመጥኩት በኋላ ነው።

እትዬ ድንቅነሽ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ጨዉን ከመጀመሪያው አንስተው ሁለተኛው ላይ አኖሩት። መርፌው ሳይንገዳገድ ልክ አንድ ኪሎ ላይ ቁጭ አለ።

«ይሄን አላውቅም ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

የቀሩትን ጥቅሎች አንድ በአንድ ቅርጫታቸው ውስጥ ደረደሩ። እኔ ሁለቱ ሚዛኖች መሃል ቆሜ ነበር፤ እንዳግዛቸው እንኳ እጄን መዘርጋት አልቻልኩም።