ነዳጅ የምትበላው መኪና

ጋሽ ደምሰው ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስበው ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የጠራኋችሁ ለከባድ ጉዳይ ነው። መኪናችን ነዳጅ መብላት ጀምራለች። ሰኞ የሞላሁት ቤንዚን ሐሙስን አያይም።»

«የጎማው ንፋስ ቀንሶ ይሆናላ» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ፣ በሐዘን።

«ካንዴላው ነው፣ አባዬ» አለች ልጃቸው ሶስና።

«መካኒኩ ሁሉንም አይቶ ጤነኛ ናት ብሏል።»

«እንግዲያው ሌባ አለ» አለ የወይዘሮ አፀደ ወንድም ታምራት። «ዘበኛው በላስቲክ ቱቦ እየመጠጠ ይቀዳል ማለት ነው።»

እናትና ልጅ ጠርጥረው እንደነበር ተናገሩ። ዘበኛው ምንዳዬ ተጠራ።

«ኧረ በመድኃኔዓለም፣ ጋሼ! እኔ በር ክፈት ስባል ከመክፈት በቀር...»

«አትቀባጥር!» አለ ታምራት።

«ቁልፉ አንድ ነው፤ ከኪሴም ወጥቶ አያውቅም» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ስለዚህ መኪናዋን ሌላ የነዳት የለም። አንተ ግን ከነገ ጀምሮ ሌላ ሥራ ፈልግ።»

ይኼኔ ግቢ ውስጥ ድመት መኪናዋ ላይ ዘላ አላርሙ ጮኸ። ጋሽ ደምሰው ኪሳቸውን ሲዳብሱ፣ ወይዘሮ አፀደ ከጉያቸው፣ ሶስና ከቦርሳዋ፣ ታምራት ከካልሲው ቁልፍ አውጥተው በመስኮቱ በኩል አነጣጥረው ተጫኑ።

አላርሙ ዝም አለ።